የአቀናባሪው ድርሻ፤ በተክለ ሃይማኖት ሠፈር ስለ ተደረገ አንድ የሙዚቃ ምሽት

ዘፈን ሲወደድ ሰው ሁሉ የሚጠራው የዘፋኙን ስም ነው። ግጥሙን የጻፈው፥ ዜማውን የደረሰው፥ መሣሪያዎቹን በየተራቸው ያስገባው ሰው ግን በካሴቱ ልባስ ውስጥ በጥቃቅን ፊደል ተጽፎ ይቀራል። ስለዚህ አንድ የሙዚቃ ጓድ ተነሥቶ የዛሬው ምሽት የዘፋኝ ሳይሆን የአቀናባሪ ነው ሲል ነገሩ አዲስ ነው፤ አዲስ በመሆኑም ሊመረመር ይገባዋል። ባለፈው ጥር ወር በአንድ ቅዳሜ ማታ በተክለ ሃይማኖት ሠፈር፥ ከአደባባዩ ጥቂት ፈቀቅ ብሎ በሚገኝ አዳራሽ፥ ወጣት ተጫዋቾች የኤልያስ መልካን ሥራዎች አሰምተው ነበርና እኔም 200 ብር ከፍዬ ገባሁ። ከዚህ በታች የምጽፈው ጓዱ የት ላይ እንደ ተሳካለትና የት ላይ እንደ ሳተ ነው።

አስቀድሞ ስለ ሰውየው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ኤልያስ መልካ በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምሮ፥ በኋላም «በገና» የተባለውን ስቱዲዮ አቋቁሞ፥ በእኔ ዕድሜ ያለ የአዲስ አበባ ልጅ በታክሲም በሰርግም እየሰማ ካደገው ሙዚቃ ብዙውን የሠራ ሰው ነው። በ1993 ዓ.ም. የወጣው የቴዲ አፍሮ «አቡጊዳ»፥ የኢዮብ መኰንን «እንደ ቃል»፥ የሚካያ በኃይሉ «ሸማመተው» በእርሱ እጅ አልፈዋል። መስከረም 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሞት ገና በአርባዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር። ከእርሱ በፊት ኢዮብ በነሐሴ 2005 ዓ.ም. ሞቷል። እንግዲህ ዘፋኙም አቀናባሪውም የሉምና፥ የ«እንደ ቃል» ዘፈኖች በአዳራሽ ይሰሙ ከተባለ ሌላ ሰው ካልተጫወታቸው በቀር የሚጫወታቸው የለም።

የኤልያስ ሥራ መለያው ምንድን ነው ቢሉኝ፥ በበኩሌ የምሰጠው መልስ ይህ ነው። የእኛ ዜማ፥ ትዝታም ቢሆን ባቲም ቢሆን፥ በአምስት ድምፅ ውስጥ ይመላለሳል። የባሕር ማዶው ሮክና ሬጌ ግን በኮርድ ላይ የቆመ ነው፤ ሦስትና አራት ድምፅ ባንድነት ይመታል። ሁለቱን እንዲሁ ቢያጣብቋቸው ዜማው ወደ አንድ ወገን፥ ኮርዱ ወደ ሌላ ወገን ይጐትታል፤ ከዘፈኖቻችንም ብዙዎቹ በዚህ የታመሙ ናቸው። ኤልያስ ግን ዜማውን ለዘፋኙ ይተውለትና ከበታቹ ቤዝ ጊታሩን እንደ ሁለተኛ ዘፋኝ ያንቀሳቅሰዋል። ጊታሩም እንደ ሬጌ ልማድ በደካማው ምት ላይ ቆረጥ ቆረጥ እያለ ይገባል እንጂ ክፍቱን ቦታ ሁሉ አይሞላም። ኤልያስ ዝም ማለትን የሚያውቅ አቀናባሪ ነበር። ይህ ጠባዩ በቅዳሜው ምሽት ላይ የምሰጠውን ፍርድ ሁሉ ስለሚመለከት አንባቢ እንዲያስታውሰው እለምናለሁ።

ቅዳሜ ማታ በተክለ ሃይማኖት በኩል አልፎ ለሚያውቅ ሰው የሠፈሩን ሁኔታ ማስረዳት አያስፈልግም። ከመርካቶ ዕቃ የጫኑ መኪናዎች አደባባዩን ዘግተው፥ የታክሲ ረዳቶች «አብነት! ጦር ኃይሎች!» እያሉ ሲጣሩ፥ ተሸካሚዎች ፍራሽ በራሳቸው ላይ አድርገው በመካከል ሲሹለከለኩ፥ ከቤተ ክርስቲያኑ የማታው ጸሎት በድምፅ ማጉያ ይሰማ ነበር። አዳራሹ ለሰርግና ለስብሰባ የሚከራይ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለ ሆነ የድራሙ ድምፅ ከወጣ በኋላ ተመልሶ ይመጣል። በ12 ሰዓት ይጀመራል የተባለው ዝግጅት በ1 ሰዓት ከ40 ተጀመረ። ይህን ለወቀሳ አላነሣውም፤ መዘግየቱ ከአጠገቤ ከተቀመጡት ሽማግሌ ጋር እንድጨዋወት ምክንያት ሆኖኛልና።

ሽማግሌው በመርካቶ ለብዙ ዓመት ካሴት የነገዱ ሰው ናቸው። ወደዚያ የመጡትም የልጅ ልጃቸው ስለ ጐተተቻቸው ነው።

«ልጄ፥ ዛሬ የሚዘፍነው ማን ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«የኤልያስ መልካ መታሰቢያ ነው፥ አባባ።»

«ኤልያስ የሚባል ዘፋኝ ሸጬ አላውቅም።»

ዘፋኝ ሳይሆን አቀናባሪ መሆኑን፥ የእነ እገሌን ዘፈን የሠራ እርሱ መሆኑን ነገርኋቸው። ጥቂት አሰቡና፥ «እንግዲያስ ሳላውቀው ሸጬዋለሁ» አሉ። ቀጥለውም ስለ ንግዳቸው አጫወቱኝ። ገዢ ሱቃቸው ሲመጣ የሚያየው በልባሱ ላይ ያለውን ፎቶግራፍ ነው። ውስጡን ገልጦ የደራሲና የአቀናባሪ ስም የሚያነብ በዓመት አንድ ሰው ቢገኝ ነው፤ እርሱም ራሱ ሙዚቀኛ ሆኖ ይገኛል። በኋላ ደግሞ የተገለበጠ ሲዲ በየመንገዱ ሲቸረቸር ያው ልባስ እንኳ ቀረ፤ ሲዲው በላስቲክ ተጠቅልሎ ያለ ስም ይሸጥ ጀመር። «ያን ጊዜ ዘፋኙም እንደ አቀናባሪው ስም አጣ» አሉና ሳቁ። ስለ ሙዚቃ ንግዳችን ይህን ያህል በግልጽ የነገረኝ መምህር የለም።

ጓዱ ሰባት መሣሪያ ተጫዋቾችና ሦስት ዘፋኞች ነበሩት፤ መሣሪያዎቹም ድራም፥ ቤዝ፥ ሁለት ጊታር፥ ኪቦርድ፥ ሳክስፎንና ትራምፔት ናቸው። ሁሉም ከሠላሳ ዓመት በታች ይመስላሉ። ገና ጀማሪዎች ስለ ሆኑ ስማቸውን አልጠቅስም።

የመጀመሪያዎቹ አራት ዘፈኖች አላረኩኝም። ወንዱ ዘፋኝ የኢዮብን ዘፈኖች ሲያዜም የኢዮብን ለስላሳ አወጣጥ፥ ቃል የሚጐትትበትን ስፍራ፥ ትንፋሽ የሚስብበትን ቅጽበት እንኳ ሳያስቀር ደገመው። ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብሁ፤ እንዲህ ያለ ጆሮ ማግኘት ቀላል አይደለምና። ዳሩ ግን ዐይኔን ጨፍኜ ባዳምጥ ያገኘሁት በቤቴ ያለውን ሲዲ ነው፤ ያውም ቆርቆሮ የተከደነበት። ምሽቱ የኤልያስ ነው ተብሎ የቀረበልን የኢዮብ ጥላ ሆነ። ይባስ ብሎ ዘፋኙ ጐልቶ እንዲሰማ ሲባል የመሣሪያዎቹ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነበር። የአቀናባሪን መታሰቢያ እያደረጉ አቀናባሪው የሠራውን ክፍል መሸፈን እንዴት ያለ ነገር ነው? አንድ ሰው የአናጢን መታሰቢያ አደርጋለሁ ብሎ ጠረጴዛውን በጨርቅ ሸፍኖ ቢያሳይ እንደ ማለት ነው።

ነገሩን ያቃናው ብልሽት ነው። በአምስተኛው ዘፈን፥ ሁለተኛው ቤት ሊጀመር ሲል፥ የዘፋኙ ማይክሮፎን ጸጥ አለ። ልጁ ሁለት ጊዜ በመዳፉ መታው፤ አልሠራም። ተጫዋቾቹ እርስ በርሳቸው ተያዩና፥ ሊያቆሙ ነው ስንል፥ ቀጠሉ። የድምፁ ባለሙያ ማይክሮፎኑ እንዲነሣለት ብሎ ይመስለኛል የሁሉንም ድምፅ ከፍ አደረገው። ሕዝቡ ዜማውን በቃሉ ስለሚያውቅ ራሱ ይዘፍነው ጀመር፤ ከኋላ ያሉት ሴቶች ልጆች አስቀድመው፥ እኛ ተከትለን። ዜማው በአዳራሹ ሁሉ ተበትኖ ሳለ መድረኩ ላይ የቀረው አቀናባሪው የሠራው ብቻ ነበር።

ያን ጊዜ ነው ቤዙን የሰማሁት። ያን ዘፈን ከመቶ ጊዜ በላይ ሰምቼዋለሁ ብል ማጋነን አይሆንም፤ ነገር ግን ዘወትር የምከተለው ድምፁን ስለ ነበረ ከበታቹ የሚሄደውን አላስተዋልሁትም ነበር። ቤዙ ከዜማው ጋር አይወጣም አይወርድም። ዜማው ወደ ላይ ሲያሻቅብ እርሱ ደረጃ በደረጃ ይወርዳል፤ ዘፋኙ ቃሉን ጨርሶ በሚያርፍበት ስፍራ ደግሞ ሦስት ድምፅ ብቻ ተናግሮ ዝም ይላል። እንደ መልስ ነው። አንድ ሰው ጥያቄ ጠይቆ ሌላው ጥቂት ቆይቶ «እህ» እንደሚለው ያለ ነው። ሁለቱ ጊታሮች ዝም ባሉበት ስፍራ ገብቶ የነበረ ሌላ ድምፅ አልነበረም፤ ባዶውን ቦታ ተጫዋቾቹ ሳይነኩት አለፉ።

ለዚህ ጉዳይ ጆሮዬ ያደላ እንደ ሆነ ልናዘዝ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ በመዘምራን መካከል አራተኛውን ድምፅ፥ ማለት ባሱን፥ እዘምር ነበር። ባስ ዘማሪ የሚታወሰው ሲሳሳት ብቻ ነው። ከዝማሬ በኋላ ሰው ሁሉ መጥቶ የሚያመሰግነው ሶፕራኖዎቹን ነው፤ እኛን የሚያመሰግነን ሃርሞኒየም ተጫዋቹ ብቻ ነበር፤ እርሱም የሚያመሰግነን እኛ ከሳትን እርሱም ስለሚስት ነው። እንግዲህ በዚያ ምሽት ለቤዝ ተጫዋቹ ብቻዬን ቆሜ ማጨብጨቤን አንባቢ በዚህ ይረዳልኝ።

ሌላው የተሳካው ነገር የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ናቸው። በሲዲዎቹ ላይ በኪቦርድ የተሠሩ የሚመስሉኝን የትራምፔት ድምፆች እነዚህ ልጆች በእውነተኛ ትራምፔትና ሳክስፎን ነፉአቸው። ኪቦርድ ትንፋሽ አያጥረውም፤ ሐረጉን እስከ ፈለገው ድረስ እኩል አድርጎ ይይዛል። ሰው ግን መተንፈስ አለበትና ሐረጉን ከመጨረሻው ትንሽ ቀደም ብሎ ይለቀዋል፤ በዚያች ክፍተትም ድራሙ ይሰማል። ይህ ከሲዲው ጋር አይስማማም። ለእኔ ግን ከሲዲው ይልቅ ለኤልያስ ሐሳብ የቀረበ ሆኖ ታየኝ። በዕረፍት ጊዜ ከነፊዎቹ አንዱን አግኝቼ ኖታ አግኝታችሁ ነው ወይ ብዬ ብጠይቀው፥ ከሲዲ ላይ በጆሯቸው እየለዩ ሦስት ወር ሙሉ እንዳጠኑ ነገረኝ። የቀናውን ክፍል ራሳቸው በወረቀት ጽፈዋል። ይህ ወረቀት ከምሽቱ ራሱ የበለጠ ዋጋ ሳይኖረው አይቀርም።

የሞተ ደራሲን ሥራ ለይቶ መጫወት በሌላው ዓለም የታወቀ ነገር ነው። ፍራንክ ዛፓ የተባለው አሜሪካዊ የሮክ ሙዚቃ ደራሲ በ1986 ዓ.ም. ከሞተ በኋላ፥ ልጁ ድዊዝል በ1998 ዓ.ም. የአባቱን ሥራዎች ብቻ የሚጫወት ጓድ አቁሞ በየአገሩ ዞሯል። ዛፓ ለሮክ ጓዱ እንደ ኦርኬስትራ ጥብቅ አድርጎ ኖታ የሚጽፍ ሰው ስለ ነበረ፥ ከእርሱ በኋላ የመጣ ተጫዋች ምን መጠበቅ እንዳለበት፥ ምን ላይ ነጻነት እንዳለው ለይቶ ያውቃል። በዚያ ላይ ዛፓ የጓዱ መሪ ራሱ ስለ ነበረ ስሙ ከፊት ነው፤ የማን ዘፈን ነው የሚል ክርክር አይነሣም።

በአገራችንም ቢሆን አብነት አለን። የአርመኑ ተወላጅ ነርሰስ ናልባንዲያን፥ በ1916 ዓ.ም. መጨረሻ ከአርባው ልጆች ጋር የመጣው የኬቮርክ ናልባንዲያን የወንድም ልጅ፥ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተውን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴያትር ኦርኬስትራ ያሠለጠነና ለብዙ የትንፋሽ መሣሪያ በኖታ ያቀናበረ ሰው ነበር። ያ ቤት ዛሬ ብሔራዊ ቴያትር ይባላል። በነርሰስ ዘመንም ሕዝቡ የሚያውቀው ፊት ቆሞ የሚዘፍነውን ነው። ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ ሥራዎቹን አንሥቶ የተጫወተለት በአሜሪካ በቦስተን ከተማ የሚገኘው አይዘር ኦርኬስትራ ነው። ይህ ጓድ በ1996 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥቶ የተጫወተው «ኢትዮፒክ» በተባለው ተከታታይ 20ኛ ሆኖ ወጥቷል፤ የነርሰስ ሥራዎች ደግሞ በኋላ 32ኛው ሆነው ወጥተዋል። የባሕር ማዶ ሰዎች እስኪያነሡልን መቆየታችን ያሳፍራል። ስለዚህ የተክለ ሃይማኖቶቹ ልጆች በሰባት ዓመት ጊዜ ውስጥም ባይሆን፥ የኤልያስ ዘፈኖች ገና በሰው አፍ ሳሉ መነሣታቸው ሊመሰገን ይገባዋል።

ከምስጋናው በኋላ ግን አንድ ከባድ ስሕተት ማንሣት አለብኝ። በዝግጅቱ መጨረሻ ገደማ ከ«አቡጊዳ» አልበም አንድ ዘፈን ሲቀርብ፥ አስተዋዋቂው «አሁን ደግሞ ኤልያስ መልካ የደረሰው» አለ። የዚያ አልበም ግጥምና ዜማ ግን በአብዛኛው የዘፋኙ የራሱ ነው፤ የኤልያስ ድርሻ ማቀናበሩ ነው። ለኤልያስ የሚገባውን ክብር ለመስጠት ሲባል የሌላውን ሥራ ለእርሱ መስጠት፥ በካሴቱ ልባስ ላይ የተደረገውን ጥፋት ገልብጦ መድገም ነው። ሦስት ሥራዎች አሉ፤ ግጥም፥ ዜማ፥ ቅንብር። አንዳንድ ጊዜ ሦስቱንም አንድ ሰው ይሠራቸዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን ይለያያሉ። በእያንዳንዱ ዘፈን ፊት ይህን ለመናገር የሚፈጀው ጊዜ ማይክሮፎኑን ለመጠገን ከፈጀው ያንሳል። ደግሞም በወረቀት አትሞ ማደል ይቻል ነበር፤ በበሩ ላይ የታደለን ወረቀት ግን የአንድ የሞባይል መሸጫ ማስታወቂያ ነው።

ይህን የማነሣው ለክብር ብቻ ብዬ አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራ አመንጪ ስሙ እንዲጠራለት መብት ይሰጠዋል፤ ሥራውን በሕዝብ ፊት የማጫወትንም መብት ለእርሱ ይተዋል፤ ይህም የገንዘብ መብት አመንጪው ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። እንደዚህ ከሆነ የኤልያስ ሥራዎች እስከ 2062 ዓ.ም. ድረስ ባለቤት አላቸው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ቢሆን ስለ ደራሲያን መብት ተናግሯል። ኤልያስ ራሱ በሕይወት ሳለ ይህን ጉዳይ ከማንም በላይ አጥብቆ ያሰበበት ሰው ነው፤ ከሙያ ጓደኞቹ ጋር ሆኖ በ2011 ዓ.ም. «አውታር» የተባለውን በስልክ ሙዚቃ የሚሸጥበትን መንገድ የዘረጋው፥ ከሽያጩ ለዘፋኙም ለደራሲውም ለአቀናባሪውም ድርሻ እንዲደርስ ነው። እኔም ትኬት ስገዛ፥ ከ200 ብሩ ለባለ መብቶቹ የሚደርስ አለ ወይ ብዬ የበሩን ሰው ጠይቄው ነበር። ሰውየው ከመንግሥት የተላክሁ መሰልሁት መሰለኝ፥ ትኬቱን ቶሎ ቆርጦ ሰጠኝና ወደ ሌላው ገዢ ዞረ። ሰባቱ ተጫዋቾችና ሦስቱ ዘፋኞች ከአዳራሹ ኪራይ በኋላ የሚቀራቸው ብዙ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የጥቂቱ ገንዘብ አንድ አሥረኛ ቢሆን እንኳ ግን ባለቤት አለው።

ማይክሮፎኑ ከተጠገነ በኋላ ነገሩ እንደ መጀመሪያው ሆነ። መሣሪያዎቹ እንደገና ዝቅ አሉ፤ ዘፋኙ እንደገና ኢዮብን ሆነ፤ ሕዝቡም መዝፈኑን ትቶ ስልኩን አንሥቶ ይቀርጽ ጀመር። ሴቷ ዘፋኝ ብቻ በሚካያ ዘፈን ላይ የራሷን ድምፅ ይዛ ገባች። የመጀመሪያው አዝማች ላይ ጥቂት ተንቀጠቀጠች፤ ሁለተኛው ላይ ግን ኪቦርዱን እየሰማች መዝፈኗ በግልጽ ይታወቅ ነበር፤ ምክንያቱም እርሱ ሲዘገይ እርሷም ዘገየች። ጓዱ ሌላ ጊዜ ተመሳሳይ ምሽት የሚያዘጋጅ ከሆነ፥ ከዚህች ልጅ ቢጀምር፥ ሁለት ወይም ሦስት ዘፈን ደግሞ ሆን ብሎ ያለ ዘፋኝ ቢጫወትና ዜማውን ለሕዝቡ ቢተውለት እወዳለሁ።

ስንወጣ ከሽማግሌውና ከልጅ ልጃቸው ጋር እስከ አደባባዩ አብረን ሄድን። ቤዙ ብቻውን የተሰማበትን ያን ዘፈን እንደገና ለመስማት ስለ ጓጓሁ፥ በስልኳ ስትቀርጽ አይቻት ነበርና እንድታሰማኝ ለመንኋት። ስልኳን ከፍታ ፈለገች። የመጀመሪያዎቹ አራት ዘፈኖች አሉ፤ የመጨረሻዎቹም አሉ። አምስተኛውን ግን፥ ዘፋኙ ስለማይሰማበት፥ ገና በዕረፍቱ ጊዜ አጥፍታዋለች።